ምርቃት ደመወዝ አይሆንም

ስለ አረጋውያን መርጃ ማዕከላት የሚቀርብ የቴሌቪዥን ዘገባ ስታዩ አንድ ነገር ልብ በሉ። መጀመሪያ አልጋ ላይ የተኙ እናት ወይም አባት ይታያሉ። ቀጥሎ መሥራቹ ይናገራል። ከዚያ በጎ አድራጊው ቼኩን ወይም የዱቄት ጆንያውን ሲያስረክብ ካሜራው ይጠጋል፣ ይጨበጨባል። ከኋላ በበሩ በኩል ጋውን የለበሰች ልጅ ባልዲ ይዛ ስታልፍ ለአፍታ ትታይና ትጠፋለች። ስሟን የሚጠይቅ ጋዜጠኛ እስካሁን አላየሁም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚህች ልጅ ነው።

ትውልዴ ላሊበላ ነው፤ በሙያዬ ነርስ ነኝ። ከአገሬ ርቄ በአንድ የአረጋውያን መርጃ ማዕከል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ አብዛኛውንም በሌሊት ተራ። ማዕከሉን በስም አልጠራም። የምናገረው ነገር የአንድ ግቢ ችግር ቢሆን ኖሮ ለቦርዱ ደብዳቤ ጽፌ እተወው ነበር። የብዙ ግቢ ችግር ስለሆነና ሥሩም ውጭ፣ እኛው ዘንድ ስላለ ነው ለእናንተ መጻፌ።

እኛ ላስታዎች አረጋዊ መጦርን ከማንም አልተማርንም። ላሊበላን ጎብኚ የሚያውቃት በ11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ነው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እነሱን ነው። የከተማው ልጆች ግን ሌላም ላሊበላ እናውቃለን። ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጆቻቸው የተበተኑባቸው እናቶች ቆብ ደፍተው፣ ከቡግና፣ ከመቄት፣ ከጊዳን፣ ከዋግ ተነሥተው «ቀሪ ዘመኔን በደጁ» እያሉ የሚሰበሰቡባት ላሊበላ። በየአጥሩ ጥግ በትንንሽ ጎጆ ይኖራሉ። ቀለባቸው የምእመናን እጅ ነው፤ ገና ሲደርስ የተሳላሚው ምጽዋት፣ በሌላው ጊዜ የጽዋ ማኅበር ትራፊና የጎረቤት እንጀራ። ጉልበታቸው ሲከዳቸው ውኃ የምትቀዳላቸው የጎረቤት ልጅ ናት። ሲታመሙ የምታስታምማቸው አጠገባቸው ያለችው ሌላዋ እማሆይ ናት። ይህ ሥራ አስኪያጅና ማኅተም የሌለው መጦሪያ ቤት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ያ አኗኗር ገነት አልነበረም። ብርድ አለበት፣ ረኃብ አለበት፣ ማንም ሳያውቅለት የሞተም አለ። ግን አንድ ነገር ነበረው፤ ሸክሙ ተራ ነበረው።

ይህን ለመረዳት ቃሬዛ ማየት ይበቃል። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ መኪና ከማይገባበት ቀበሌ ሕመምተኛ ወደ ከተማ የሚወርደው በሰው ትከሻ ነው። ቃሬዛ አንሥቶ የሚያውቅ ሰው ሕጉን ያውቀዋል። አራት ሰው ይሸከማል፤ ሌሎች ባዶ እጃቸውን ይከተላሉ። ዳገቱ ሲጠና ተሸካሚው «ደከመኝ» እስኪል አይጠበቅም፤ ከኋላ ያለው ቀድሞ ትከሻውን ያስገባል። ባዶ እጁን የሚከተለውን ሰው ሥራ ፈት የሚለው የለም። እሱ ባይኖር ሕመምተኛው ገደል አፋፍ ላይ እንደሚቀር ሁሉም ያውቃል።

በዘመናዊው መጦሪያ ቤታችን የጠፋው ይህ ባዶ እጁን የሚከተለው ሰው ነው። ቃሬዛውን ለአራት ሰው ሰጥተን ሌሎቻችን ዳር ቆመን «በርቱ፣ ጽድቅ ነው» እንላለን።

*

መጦሪያ ቤት ለምን በዛ ብሎ የሚጠይቅ ካለ መልሱ ከእኛ አገር አይርቅም። የላሊበላ ወጣት እናቱን የሚጦረው በአስጎብኚነት፣ በሆቴል አስተናጋጅነት፣ በሹፌርነት፣ በመስቀልና በሥዕል ሽያጭ ነበር። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ጎብኚው ቀረ። ተመለሰ ሲባል ጦርነቱ ደረሰ፤ ከተማዋ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ከረመች። ባንክ ተዘጋ፣ መብራት ጠፋ። ተረጋጋ ሲባል በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ እንደገና ተኩስ ተሰማ። በዚህ ሁሉ መሐል ልጅ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ወልድያ፣ ወደ ዓረብ አገር ሄደ። እናት ቀረች። ከትኬት ገቢ ደመወዝ የሚያገኙት ካህናት እንኳ የተቸገሩበት ጊዜ ነው፤ እነሱ ሲቸገሩ በደጃፋቸው ያሉት ነዳያን ምን እንደሚሆኑ አስቡት።

በመሆኑም መርጃ ማዕከላት ባይኖሩ ኖሮ የት በደረስን የሚያሰኝ ዘመን ላይ ነን። ይህን ስል ከልቤ ነው። በቢኒያም በለጠ የተጀመረው መቄዶንያ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና አንሥቷል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መፈክሩም ብዙ ሰው ከተቀመጠበት አስነሥቷል። ለመነሣት እውነትም ሰው መሆን በቂ ነው። የሚያሳስበኝ እኛ ሰሚዎቹ ቃሉን የተረጎምንበት መንገድ ነው። ለመጀመር የሚበቃው ነገር ለመቀጠልም ይበቃል ብለን ወሰድነው። በሦስተኛው ዓመት፣ በሁለት መቶኛው ሌሊት፣ ሰው ከመሆን በተጨማሪ እንቅልፍ ያስፈልጋል፤ ጓንት ያስፈልጋል፤ የቤት ኪራይ የሚከፍል ደመወዝ ያስፈልጋል።

ሌላም ያምታታን ነገር አለ። ወይዘሮ አበበች ጎበናን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1980 ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ ወሎ ወጥተው፣ በረኃብ የተጎዳውን ሕዝብ አይተው፣ ወላጅ አልባ ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። በዓመቱ የሰበሰቧቸው ልጆች 21 ደረሱ። ትዳራቸውንና ቤታቸውን አጥተውበታል። በ2013 ዓ.ም. በኮሮና እስኪያርፉ ድረስ ከሥራው አልወጡም። እንዲህ ያለ ሰው በትውልድ አንዴ ይገኛል፤ ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን መሥራች መሥዋዕትነቱን ራሱ መርጦ ነው የሚገባበት። ማስታወቂያ አይታ፣ ሲቪዋን አስገብታ፣ ተቀጥራ የመጣችው የ22 ዓመት ልጅ የመረጠችው ሥራ ነው። የመሥራቹን ሕይወት የሠራተኛዋ የሥራ ዝርዝር ካደረግነው ቅዱሳን ብቻ የሚችሉት መሥሪያ ቤት አቆምን ማለት ነው። ቅዱሳን ደግሞ በማስታወቂያ አይገኙም።

*

እስቲ ስለ ሥራው ራሱ እንነጋገር፤ ብዙ ሰው ሥራውን «ማጉረስና ማጫወት» ይመስለዋል።

ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በአንድ ጎን ብዙ ከቆየ ቆዳው ይሞታል። የአልጋ ቁስል የሚባለው ነው። ለመከላከል የተለመደው መመሪያ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ነው። አንድ ክፍል 20 የአልጋ ቁራኛ አለው እንበል። የሌሊቱ ተራ 12 ሰዓት ነው። እያንዳንዱ ሰው ስድስት ጊዜ ይገላበጣል፤ 20 ሲባዛ በስድስት 120 ነው። ቆዳው ሳይላጥ፣ የራስንም ወገብ ሳይቀጩ ለማገላበጥ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ማገላበጥ ትራስ ማስተካከሉን ጨምሮ አምስት ደቂቃ ቢወስድ 600 ደቂቃ፣ ማለትም 10 ሰዓት ይሆናል። ሁለቱ ሠራተኞች ከ12 ሰዓት ውስጥ የቀራቸው ሁለት ሰዓት ነው። በዚያ ሁለት ሰዓት ዳይፐር ይቀየራል፣ አንሶላ ይቀየራል፣ መድኃኒት ይሰጣል፣ «ውኃ!» ያለ ውኃ ያገኛል፣ ተነሥተው የሚንከራተቱ አባት ተይዘው ይመለሳሉ፣ የሞተ ካለ ይገነዛል። መብላትና ሽንት ቤት መሄድ ሂሳቡ ውስጥ የለም።

እንግዲህ በማግስቱ አንድ ጎብኚ ይመጣና የአንዲት እናት ጀርባ ላይ ቁስል ያያል። «አረመኔዎች! ልብ የላቸውም!» ይላል። ቁስሉን ያየ ሰው መቆጣቱ አያስገርመኝም። ግን ልብ ከመመርመሩ በፊት ቁጥር ይቁጠር። ሌሊት ስንት ሰው ነበር? ስንት አልጋ? ብሎ የጠየቀ አንድ ጎብኚ ብቻ ትዝ ይለኛል፤ እሱም ጡረታ የወጣ የፋብሪካ ፎርማን ነበር። ተራ አውጥቶ ሰው ያሠራ ስለሆነ ነገሩ ገባው።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። አረጋዊን የመታ፣ የሰደበ፣ ያስራበ ሠራተኛ ይጠየቅ። ድካም ለጭካኔ ፈቃድ አይሆንም። ነገር ግን ጭካኔ ሁሉ ክፉ ሆኖ ከተወለደ ሰው አይመጣም። መጀመሪያ ልጅቷ ማውራት ትቀንሳለች። ቀጥሎ «እማማ» ማለቷን ትታ «ያቺ የ14 ቁጥሯ» ትላለች። ከዚያ ለቅሶው አይሰማትም። እኛ በቋንቋችን «ሆዴ ደነደነ» እንለዋለን። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1974 ይህንኑ ነገር ተቃጥሎ ማለቅ በሚል ስም ጽፎታል። ያየውም ኒውዮርክ በሚገኝ ነፃ ክሊኒክ፣ በበጎ ፈቃድ ከሚያገለግሉ ሰዎች ላይ ነበር። ሰነፎቹን አልነበረም ያየው፤ ከሁሉ በላይ የሚተጉትን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ይህን ሁኔታ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ አስቀምጦታል። ምንጩን ከሰውየው ጠባይ ይልቅ ሥራው ላይ ፈልጉት እንደ ማለት ነው።

*

አብራኝ ሌሊት የምትሠራ አንዲት የላስታ ልጅ ነበረች። ስሟን አልጽፍም። እናቷ አገር ቤት ናቸው፤ ከወገባቸው በታች አይታዘዝላቸውም። እሷ አዲስ አበባ የሰው እናት ታጥባለች፤ የእሷን እናት የሚያጥብ የለም። ከደመወዟ ቆርሳ ትልካለች፤ በቀረው ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች።

በክፍላችን የመርሳት ሕመም ያለባቸው እማማ ነበሩ። ከማንም እጅ አይበሉም። ይህችን ልጅ በራሳቸው ልጅ ስም እየጠሩ ከእሷ ብቻ ይበሉ ነበር። መርቀው አይጠግቡም፤ «ውለጂ፣ ክበጂ፣ እንደ እኔ አርጂ» ይሏታል። እሷ እየሳቀች «እማማ፣ እንደ እርስዎ ካረጀሁስ ማን ያጎርሰኛል?» ትላቸዋለች።

አንድ ቀን ጭማሪ ጠየቀች። ኑሮ ተወዷል፣ ኪራይ ጨምሯል። የበላዮቻችን ክፉ ሰዎች አልነበሩም። «የምንሰጥሽ የለንም፤ እግዚአብሔር ይክፈልሽ» አሏት። ወጥታ የነገረችኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ «እትዬ፣ እሱስ ይከፍለኛል። አከራዬ ግን እስከዚያ አይታገሰኝም።»

በአራተኛው ወር ወደ ዓረብ አገር ሄደች። እዚያም የምትሠራው ያንኑ ነው፤ አንዲት አሮጊት ታስታምማለች። እማማ ለቀናት አፋቸውን ዘጉ። በማንኪያ ብንሞክር፣ ብንለማመጥ እምቢ አሉ። በኋላ እየለመዱ መጡ፤ ግን የከሳው ሰውነታቸው አልተመለሰም። በማዕከሉ የወሩ ሪፖርት ላይ «አንድ ሠራተኛ በራሷ ፈቃድ ለቀቀች» ተብሎ ተጻፈ። የእማማ ክሳት ከዚያ መስመር ጋር የሚገናኝበት ዓምድ ቅጹ ላይ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ላንሣ። አንዲት ኢትዮጵያዊት ለቤት ሥራና ለእንክብካቤ ወደ ውጭ ስትሄድ አዋጅ ቁጥር 923/2008 የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንድትይዝ ይጠይቃል። የሰው አገር አሮጊት ለማጠብ ሥልጠና ያስፈልጋል ብለናል ማለት ነው፤ ትክክልም ነው። የራሳችንን እናት ለማጠብ ግን «ሩኅሩኅ ልብ» ይበቃል እንላለን። ሥልጠና ስለማንጠይቅ ሙያ አይባልም። ሙያ ስላልተባለ ደመወዙ ትንሽ ነው። ደመወዙ ትንሽ ስለሆነ ጥሩዋ ልጅ ትሄዳለች። ከዚያ «ርኅራኄ ጠፋ» ብለን እናዝናለን።

የጤናው ዘርፍም ከዚህ የራቀ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ «ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን ከትራንስፎርሜሽን አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎ ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሕመምተኛን መሳደብ ባህል ሆኖብን ነበርና። ይሁን እንጂ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች «ደመወዛችን አላኖረንም» ብለው ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ፤ የታሰሩም ነበሩ። ስለ ሩኅሩኅነት ለዓመታት የሠለጠነ ሰው ራሱ የሚራራለት ሲያጣ የሚሆነውን ያኔ አየን። በመጦሪያ ቤት የሚሠሩት ደግሞ ያን ያህል እንኳ የሚሰማላቸው የለም።

*

ከደመወዝ ቀጥሎ የማነሣው ለቅሶ ነው።

መጦሪያ ቤት ሰው የሚሞትበት ቤት ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ አባት ያርፋሉ። ሁለት ዓመት ያጠብሻቸው፣ ያጎረስሻቸው፣ ቀልዳቸውን የምታውቂው ሰው ናቸው። ትገንዢያቸዋለሽ። አንሶላ ይቀየራል፣ አልጋው በበረኪና ይታጠባል። ረፋድ ላይ ሌላ ሰው ይተኛበታል። ማታ ስትገቢ «እንዴት አደርክ አባባ» ብለሽ በአዲስ ስም ትጀምሪያለሽ።

ለቅሶ መድረስ የሚያውቅ ሕዝብ ነን። ጎረቤት ሲሞትበት ድንኳን እንጥላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ሦስት ቀን አብረን እንቀመጣለን፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እንላለን። ይህን ሁሉ የምናደርገው ሐዘን ብቻውን የተሸከመውን ሰው እንደሚሰብር ስለምናውቅ ነው። በዓመት 30 ሰው የሞተባትን ተንከባካቢ ግን አንድም ሰው «ያጽናሽ» ብሏት አያውቅም። ዘመድ አይደለችማ!

አሜሪካ ውስጥ ኬኔት ሽዋርትዝ የሚባል የቦስተን ጠበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 በሳንባ ካንሰር ከመሞቱ በፊት የማይቻለውን ያስቻለው የአስታማሚዎቹ ደግነት እንደነበር ጽፏል። በእሱ ስም የቆመው ማዕከል ያስጀመረው ልማድ ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች ይሠራበታል፤ ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ ጽዳት ሠራተኛዋም በየጊዜው ተሰብስበው ሥራው ልባቸው ላይ የጣለውን ይነጋገራሉ። ፈረንጅ ለዚህ ስም አውጥቶ፣ ሰዓት መድቦ፣ አወያይ አሠልጥኖ ነው የሚያደርገው። እኛ ዘንድ ቡና አለ። ሦስቱ ዙር እስኪጠጣ አንድ ሰዓት ይበቃል። ሰው በሞተ ማግስት ሥራ አስኪያጁ ጭምር ተቀምጦ ሟችን እያነሡ፣ ጠባያቸውን እያስታወሱ፣ የሚያለቅስ እያለቀሰ፣ የሚስቅ እየሳቀ አንድ ቡና ቢጠጣ ወጪው ሩብ ኪሎ ቡና ነው። እኛ በሌሊት ተራችን በስርቆት እናደርገው ነበር። በስርቆት ያልኩት ቡናው የተከለከለ ስለነበር ሳይሆን ሰዓቱን ከማገላበጡ ላይ ስለምንሰርቅ ነው።

*

«ሁሉም ጥሩ፤ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መርጃ ማዕከላት የሚኖሩት በሰጪ እጅ ነው። የሰጪውን እጅ የሚመራው ደግሞ እኛ ነን። ሰው ሲሰጥ «ለአንድ አረጋዊ የአንድ ወር ምግብ» ይላል፤ በሬ ያርዳል፣ ብርድ ልብስ ይገዛል። የልደቱን ኬክ እዚያ ይቆርሳል፤ ሙሽራም ከነሚዜው ይመጣል። ደስ ይላል። እንግዳ ሲሄድ ሳህን የምታጥበው ግን ያችው ልጅ ናት። «ለአንዲት ተንከባካቢ የስድስት ወር ደመወዝ እኔ እችላለሁ» ያለ ሰጪ በስድስት ዓመት አላጋጠመኝም። ደመወዝ «የአስተዳደር ወጪ» ተብሎ በጥርጣሬ ይታያል። ያጎረሰው እጅ ግን እንጀራው ራሱ አይደለም፤ እጁ የሰው እጅ ነው።

ሁለተኛው ክርክር «በደመወዝ ከሆነማ ፍቅር ይጠፋል፤ ገንዘብ ፈላጊው ይሰበሰባል» የሚል ነው። ለዚህ መልሴ አጭር ነው። ካህኑም ደመወዝ አለው፤ ደመወዙ ቅዳሴውን አላረከሰውም። መምህርም ይከፈለዋል፤ ስለተከፈለው ልጆቹን መውደድ አልተወም። ክፍያ ፍቅርን አያመጣም፤ ፍቅር ይዞ የመጣውን ሰው ግን እንዳይሄድ ያደርገዋል። አገሬው «ጽድቁ ቀርቶብኝ በቅጡ በኮነነኝ» የሚለው ወዶ አይደለም።

ምን ይደረግ? ከልምዴ የምለው ይህን ነው።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ማዕከል ሌሊት ለስንት አልጋ ስንት ሰው እንደሚያቆም በወረቀት ጽፎ በር ላይ ይለጥፍ። ቁጥሩ ቢያሳፍርም ይለጠፍ። ሰጪም ተቆጣጣሪም እሱን አይቶ ይጠይቅ።

ሁለተኛ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ፣ ሠራተኛም በሳምንት ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት እንዲያርፍ ይላል። «እኛ በጎ አድራጎት ነን» ብሎ ከዚህ ዝቅ ማለት ነውር ይሁን። ለአረጋዊ ራርቶ ለሠራተኛው አለመራራት በጎነትን አንድ ወገን ሽባ ማድረግ ነው።

ሦስተኛ፣ ጓንት፣ ሳሙናና ሰው ማንሻ ጨርቅ ከዱቄት እኩል ይታሰቡ። በ25 ዓመቷ ወገቧ የተበላሸ ልጅ ነገ ራሷ ተጧሪ ናት።

አራተኛ፣ ከላይ ያልኩት ቡና።

አምስተኛው ለአገሬ ልጆች ነው። ላሊበላ ላይ ትልቅ የአረጋውያን ሕንፃ እንሥራ የሚል ሐሳብ በየጊዜው ከዲያስፖራ ዘመዶቻችን ይነሣል። መልካም ሐሳብ ነው፤ ግን ሕንፃው ከመቆሙ በፊት አሁን በየጎጆው የሚያስታምሙትን ሰዎች እንይ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ሴፍቲኔት መሥራት ለማይችል አረጋዊ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። አረጋዊቷን የምታጥበዋን የጎረቤት ልጅ የሚያስብ መደብ ግን አላየሁም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ፤ አልጋ ላይ የቀረን ሰው እንዴት ማገላበጥና ማጠብ እንደሚቻል ቤተሰብን በአንድ ከሰዓት ማስተማር ይቻላል። እድሮቻችን ለሞተ ሰው የሚያወጡትን ያህል ባይሆን እንኳ ጥቂቱን በሕይወት ላለው አስታማሚ ተራ መግዣ ቢያውሉት ቃሬዛው ተጨማሪ ትከሻ ያገኛል። ድንጋይና ሲሚንቶ ከዚያ በኋላ ይምጣ። የክልሉም የፌደራሉም መንግሥት ቢሆን ነገሩን የቸሮች ጉዳይ ብሎ መተው አይችልም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41(5) አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን የመርዳት ግዴታ ያሸከመው መንግሥትን ነው።

ያቺን የላስታ ልጅ በቅርቡ በስልክ አገኘኋት። እናቷን ጠየቅኋት። «ደኅና ናቸው፤ ሰው ቀጥሬላቸዋለሁ» አለችኝ። የጎረቤት ልጅ ናት፤ በየወሩ ከዓረብ አገር ደመወዝ ትልክላታለች። እናቷን እንዴት እንደምታገላብጥ በቪዲዮ እያየች አስተምራታለች። «እሑድ እሑድ ደግሞ አክስቴ ትተካታለች፤ ልጅቷ ታርፋለች» አለችኝ። «ዕረፍት ጠይቃሽ ነው?» አልኳት።

«ኧረ እትዬ፣ አልጠየቀችም። እኔ አውቀዋለሁ እንጂ።»

በሚቀጥለው ጊዜ ወደ አንዱ ማዕከል ስትሄዱ አረጋውያኑን ሳሙ፣ ተመረቁ፤ የወሎ ሽማግሌ ከሆኑማ ምርቃቱን ጠግባችሁ ትወጣላችሁ። ከመውጣታችሁ በፊት ግን ባልዲ ይዛ የምታልፈውን ልጅ አስቁሟት። ስሟን፣ ዛሬ ስንተኛ ቀኗ እንደሆነና መቼ እንዳረፈች ጠይቋት። መልሷን ይዛችሁ ወደ ቢሮው ግቡ።